የጥበቃ እጥረት የእስረኛ ጥፋት አይደለም

እስረኛን ለወራት ክፍሉ ውስጥ ቆልፈው የሚያከርሙ ሹማምንት «ለደኅንነት ሲባል» የምትል አንዲት መልስ አለቻቸው። የአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ባለሥልጣናትም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በዋፐን ማረሚያ ቤት እስረኞችን በየክፍላቸው ሲቆልፉ ያቀረቡት ምክንያት ይኸው ነበር፤ እገዳውም ከዓመት በላይ ዘለቀ። ቤተሰብ መጥቶ መጠየቅ ቀረ፣ ምግብ እዚያው ክፍል ውስጥ ሆነ፣ ፀሐይ መሞቅና ገላ መታጠብ ብርቅ ሆኑ፣ ሐኪም ለማግኘት የሚጠበቀው ጊዜ ረዘመ። ደኅንነቱ የማን እንደሆነ ይነገረን! ከሰኔ 2023 እስከ የካቲት 2024 ባለው ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ አራት እስረኞች ሞተዋል። አንደኛው የክፍሉ ውኃ ተዘግቶበት ፈሳሽ ከሰውነቱ አልቆ ነው የሞተው። በሰኔ 2024 የማረሚያ ቤቱ ኃላፊና ስምንት ሠራተኞች ከአራቱ ሟቾች ከሁለቱ ሞት ጋር በተያያዘ ተከሰሱ። በር ሲዘጋ አደጋው አልቀረም፤ የቀረው ተመልካች ነው።

በሩን ያስዘጋው እውነተኛ ምክንያት የጥበቃ ሠራተኛ መጥፋት ነው። በዋፐን ከጥበቃ መደቦቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባዶ ነበሩ። ግዛቱ በ2023 የጀማሪ ጥበቃን ደመወዝ በሰዓት ከ20 ዶላር ገደማ ወደ 33 ዶላር ሲያሳድግ ሰው መቀጠር ጀመረ፣ እገዳውም ቀስ በቀስ ላላ። መፍትሔው ያለው በጀት ውስጥ ከሆነ፣ ዋጋውን ለምን እስረኛው ይከፍላል? ዘበኛ የመታ እስረኛ እንኳ ክስ ይነበብለታል፣ መልስ ይሰጣል፣ የቅጣቱም ቀን ይቆጠራል። በጅምላ የተቆለፈበት ግን ክስም፣ መልስ መስጫም፣ ማብቂያ ቀንም የለውም። የተባበሩት መንግሥታት የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች ሰውን ከሰው ለይቶ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ መዝጋትን በተከታታይ ከ15 ቀን እንዳያልፍ ያግዳሉ። ገደቡ የተቀመጠው ለቅጣት ከሆነ፣ ምንም ያላጠፋ ሰው ከዚያ ያነሰ ከለላ የሚያገኝበት አንዳች ምክንያት የለም።

«ዘበኛ በሌለበት በር ቢከፈት ደም ይፈሳል» የሚሉ አሉ። ጠብ ሲነሳ ለቀናት መዝጋት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ለወራት መዝጋት ግን እንደ አሠራር መያዝ ነው። መንግሥት የሚጠብቅበት ሰው ካጣ፣ የሚያስረውን ሰው ቁጥር መቀነስ አለበት፦ አመክሮ የደረሰለትን ይልቀቅ፣ የቀረውን በቂ ጥበቃ ወዳለበት ማረሚያ ቤት ያዛውር፣ ደመወዙንም ሞት ሳይቀድመው ያሻሽል። «ወንጀለኞች ናቸው» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው፦ ዳኛው የፈረደባቸው ዓመታትን እንጂ ከቤተሰብ፣ ከሐኪምና ከፀሐይ መቆረጥን አይደለም። ፍርድ ቤት ያልፈረደውን ቅጣት የቅጥር ክፍል ባዶ ወንበር ሊፈርድ አይገባም። ስለዚህ እያንዳንዱ እገዳ ማብቂያ ቀን ይቆረጥለት፤ ቀኑ ሲያልፍም ኃላፊው ዳኛ ፊት ቀርቦ ለምን እንዳራዘመው ያስረዳ።