«ልቤ ሊቆም ነው» ላልከኝ ወንድሜ



ጢቾ ያለ አንድ ወንድማችን (ስሙን ሳልጠቅስ እንድጽፍ ፈቅዶልኛል) ጁሙዓ መስገድ ካቆመ ወራት አልፈዋል። ስንፍና እንዳይመስላችሁ። አንድ ጁሙዓ መስጂዱ ሞልቶ፣ ሶፍ መሃል ቆሞ ሳለ ልቡ ድንገት ይደልቅ ጀመር፤ ትንፋሹ አጠረ፣ እጁ ደነዘዘ። ሞት የመጣበት መስሎት ሸሃዳ ያዘ። በኋላ አሰላ ሄዶ ልቡን ተመረመረ፤ «ጤነኛ ነህ» ተባለ። አላረፈም። አሁን የሚፈራው የልቡን ምት ራሱን ነው። ዳገት አይወጣም፣ ቡና ትቷል፣ ሚኒባስ ላይ በር ዳር ካልሆነ አይቀመጥም።

ሕመሙ ፓኒክ ዲስኦርደር ይባላል። ልብ ሲመታ «ልሞት ነው» ይላል፤ ያ ሐሳብ አድሬናሊን ይጨምራል፤ ልቡ ይብስ ይመታል። በ1985 እ.ኤ.አ. ራይስ እና ማክናሊ የተባሉ ተመራማሪዎች፣ የጭንቀትን የሰውነት ስሜቶች መፍራት ከጭንቀቱ ተለይቶ መታየት አለበት ብለው ጻፉ። ወንድማችን ላይ የማየው ይህንኑ ነው።

መድኃኒት ይህን ፍርሃት ይቀንሳል? አዎ፣ ግን እንደ ራስ ምታት ክኒን አይደለም። ሰርትራሊንና ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉት ለመሥራት ሳምንታት ይፈልጋሉ። ጥቃቱ እየራቀ ሲሄድ የልብ ምትም ያን ያህል አያስደነግጥም። ችግሩ መጀመሪያው ላይ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ራሳቸው ሊያቁነጠንጡ ይችላሉ። ልቡን የሚፈራ ሰው ደግሞ ይህንን ሲያይ «መድኃኒቱ ሊገድለኝ ነው» ብሎ ይጥለዋል። ሐኪም በትንሽ መጠን የሚጀምረው ለዚህ ነው፤ ይህንን ለታካሚው አስቀድሞ አለመንገር ትልቅ ጥፋት ይመስለኛል።

ዳያዚፓም ሌላ ነገር ነው። ቶሎ ያረጋጋል፤ ግን ሱስ ያስይዛል፣ ኪስ ውስጥ እንደ ሒርዝም ይሆናል። «የተረፍኩት በክኒኗ ነው» ያለ ሰው፣ ያለሷም ይተርፍ እንደነበር አይማርም። በ2000 እ.ኤ.አ. ባርሎውና ባልደረቦቹ 312 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት አወጡ። ኢሚፕራሚንም የምክር ሕክምናም ሁለቱም ጠቅመዋል። ሕክምናው ከቆመ ከስድስት ወር በኋላ ግን ምክሩን ያለ መድኃኒቱ የወሰዱት የተሻለ ጸንተው ተገኙ። ያ ምክር ሰውየውን ሆን ብሎ ያስሮጠዋል፣ ልቡን ያስመታዋል፤ ምንም እንደማይሆን በገዛ ሰውነቱ ያይ ዘንድ።

ከዚህ ተነስቼ መድኃኒት ተው አልልም፤ በራስ ማቋረጥ አደጋ አለው። የምለው፣ መድኃኒቱ ፋታ ሲሰጥህ ፋታዋን ቤት ተቀምጠህ አትጨርሳት፤ ዳገቱን ውጣባት። ሩቃ ይቅራ፣ ማን ይከለክላል? ነቢዩም ﷺ ታከሙ ብለዋል። «ኢማንህ ደክሞ ነው» የምንለው እኛ ግን ዝም ብንል ይሻላል። (ጫቱንም አስብበት፤ ልብ ያስደልቃል፣ ከዚያ ደግሞ በድለቃው ትደነግጣለህ።)

ለወንድማችን የነገርኩት ይህ ነው፦ መጪው ጁሙዓ መጨረሻው ሶፍ ላይ፣ በሩ አጠገብ አብረን እንቆማለን። ልብህ ከመታ ይምታ። ከተሰላመተ በኋላ ቀጣዩን ሳምንት አንድ ሶፍ ወደፊት እንሄዳለን።