የሌሊት ወፍ ኩስና የጠርሙስ ዘይት

በውጭ አገር ካሉ ወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፦ “ልጃችን ከጓደኞቹ ጋር ጠረጴዛ ከቦ የሚጫወተው ጨዋታ አለ። ደብተሩን ስንገልጠው የአስማት መሥሪያ ቅመም ተዘርዝሮበታል። ምን እናድርግ?” አንዳንድ ሽማግሌ ልጁን አንድ ቃል ሳይጠይቅ ደብተሩ ይቃጠል ይላል፤ የሐዋርያት ሥራ 19ንም ይጠቅሳል። በኤፌሶን አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጥለዋል፤ ዋጋውም 50,000 ብር ሆኖ ተገኝቷል። እኛ ግን ጥቅሱ ያለ ቦታው ገብቷል እንላለን። እሳቱ የሚያስፈልገው ሌላ ጋ ነው።

በመጀመሪያ ጨዋታውን እንወቀው። ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ይባላል፤ ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን የፈጠሩት ሲሆን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። አንዱ ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ ተዋጊ፣ ሌባ ወይም አስማተኛ ሆነው ይናገራሉ፤ የሚሆነውን ደግሞ ሃያ ገጽ ያለው ዳይስ ይወስነዋል። አስማተኛ የሆነው ተጫዋች አንዳንዱን ድግምት ለመሥራት ቁሳቁስ ያስፈልገዋል። በእጁ ግን ምንም አይዝም፤ “አለኝ” ብሎ ወረቀት ላይ ይጽፋል፣ አበቃ።

ቅመሞቹስ ምንድን ናቸው? የእሳት ኳስ ለመወርወር የሌሊት ወፍ ኩስና ድኝ። ባሩድ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። መብረቅ ለመልቀቅ ቁራጭ ለምድና የብርጭቆ ዘንግ፤ እነዚህን አፋትጎ ኤሌክትሪክ ማሳየት የትምህርት ቤት ሙከራ ነው። የሰው ሐሳብ ለማወቅ አንዲት የመዳብ ሳንቲም፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪ በሐሳብ የተዋጠ ወዳጁን “ምን እያሰብክ ነው? ሳንቲም ልክፈልህ” ብሎ ይቀልዳልና። በማያውቁት ቋንቋ ለመግባባት ደግሞ ትንሽ የሸክላ ግንብ። ዘፍጥረት 11ን ያነበበ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ዝርዝሩን የጻፉት ሰዎች ይቀልዱ ነበር። ልጆቹም የራሳቸውን ሲጨምሩ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ የተቆለፈ በር ለመክፈት ሦስት ጊዜ የጠፋ ቁልፍ ዝገት፣ እንቅልፍ ለማምጣት የረዥም ስብከት ማስታወሻ። (ይህን የመጨረሻውን የጨመርነው እኛ ነን።)

ፍርሃቱ አዲስ አይደለም። ፓትሪሺያ ፑሊንግ የምትባል አሜሪካዊት እናት ልጇ እ.ኤ.አ. በ1982 ራሱን ካጠፋ በኋላ ጨዋታውን ተጠያቂ አድርጋ በዓመቱ የተቃውሞ ማኅበር አቋቋመች። በሐዘኗ ላይ የምንለው የለንም። በ1984 ደግሞ ጃክ ቺክ ጨዋታው ወደ እውነተኛ ጥንቆላ ያስገባል የሚል ሥዕላዊ ትራክት አሳተመ። ዛሬ በአንዳንድ ጉባኤ የምንሰማው ማስጠንቀቂያ የዚያኑ ዘመን ቃና ይዟል።

ቃሉ ግን ጥንቆላን በግልጽ ይነግረናል። በዘዳግም 18 የተከለከለው ሰው ከእግዚአብሔር ያላገኘውን ኃይልና ዕውቀት በሌላ በር መፈለጉ ነው። ኃይሉን የሚፈልገው አምኖበት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት የቁልፍ ዝገት የፈለሰፈ ልጅ ዝገቱ በር እንደማይከፍት ከማንም በላይ ያውቃል፤ የፈጠረው ራሱ ነውና። ይህን ለመለየት እኛ ሐበሾች ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጠንቋይ ገብስማ ዶሮ አምጣ ሲለው በሬውን ሸጦ የሚገዛ ሰው እየተጫወተ አይደለም። ክታብ በአንገቷ አስራ የምትተኛ ሴት፣ ጨሌውን ብትጥል ትሞታለች የተባለች እናት እየተጫወቱ አይደሉም። ከዚያ ቤት ጌታ ያወጣቸው ሰዎች በየጉባኤያችን ተቀምጠዋል፤ አንዳንዶቹ የዕጣኑ ሽታ ብቻ ዛሬም ያስደነግጣቸዋል።

ስለዚህ ለወጣቶቻችን አንድ ነገር እንላለን። ለጨዋታ አዲስ ነገር ፍለጋ ገብስማውን ዶሮና ጨሌውን አታምጡ። አያቶቻችሁ በእነዚህ ታስረው ኖረዋል። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 8 ጣዖት ከንቱ መሆኑን እያወቀ ስለ ደካማው ወንድም ሥጋ እስከ መተው ደርሷል። የቁልፉን ዝገት ግን ጻፉ፤ ማንንም አያቆስልም።

አሁን ወደ ሌላው ዝርዝር እንምጣ። “ነቢይ” ነኝ የሚለው ሰው አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ አለ፤ ጠረጴዛው ላይ ዘይት በጠርሙስ፣ ውሃ በጠርሙስ፣ መሐረብ፣ የእጅ አምባር ተደርድሯል። ይህኛው ለቪዛ ነው፣ ያኛው ለማኅፀን፤ ሌላው ሱቅ ደጃፍ ላይ ይረጫል፣ ገበያ ይስባል። ዋጋ አለው፤ ለ“ልዩ ቅባት” ደግሞ ልዩ ዋጋ። ይህ የአስማት ቅመም ዝርዝር ካልሆነ ምን ይባላል? ከልጁ ደብተር የሚለየው የምትገዛው እናት ስለምታምንበት ነው፤ የምትከፍለውም በእውነተኛ ብር ነው።

በጨዋታው ሙት ለማስነሣት 500 የወርቅ ሳንቲም የሚያወጣ አልማዝ ይጠፋል፤ ደንቡ ነው። ጌታችን አልዓዛርን ሲጠራ ማርታን ስንት አስከፈላት? ሞትን የሚያህል ነገር በዋጋ የሚነሣበት ዓለም የጨዋታ ዓለም ነው። ይህን ከመድረክ የሚሰብክ ሰው ከጨዋታ ፈጣሪዎቹ ያነሰ ሐቀኛ ነው፤ እነሱ ቢያንስ ልብ ወለድ መሆኑን ሽፋኑ ላይ ጽፈዋል።

“ያዕቆብ በዘይት ቅቡ አላለምን? ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ አልፈወሰምን?” የሚል እንዳለ እናውቃለን። ብሏል፤ ፈውሷልም። ሽማግሌዎች በዘይት ቀብተው ሲጸልዩ እኛም አሜን እንላለን። ነገር ግን ያዕቆብ ድውዩን የሚያድነው የእምነት ጸሎት ነው ይላል፤ ዋጋም አልለጠፈም። በኤፌሶን ያንን ያደረገው እግዚአብሔር እንደ ሆነ ሉቃስ ይናገራል፤ ወዲያው ቀጥሎም የኢየሱስን ስም እንደ ድግምት ቃል የሞከሩት የአስቄዋ ልጆች ራቁታቸውን ቆስለው እንዴት እንደሸሹ ይተርካል። ስለ ቅዱሱ ዘይት በዘጸአት 30 የተጻፈውንም እናንብብ፤ ከርቤው፣ ቀረፋው፣ የወይራ ዘይቱ በልክ ተዘርዝሮ፣ እሱን የሚመስል የሚሠራ ከሕዝቡ ተለይቶ ይጥፋ ተብሏል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ እንኳ፣ ሕዝቡ ዕጣን ሲያጥንለት ሕዝቅያስ ሰባብሮታል (2ኛ ነገ. 18፥4)። ኤልሳዕ ከንዕማን አንድ ነገር አልተቀበለም፤ በኋላ ሮጦ የተቀበለው ግያዝ ነው፤ ከብሩ ጋር ለምጹንም ወሰደ።

ወላጆች ሆይ፣ ከልጆቻችሁ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡና ዝገቱ ምን እንደሚሠራ ጠይቋቸው። በሳቅ ያስረዷችኋል፤ ከሳቁ በኋላም ስለ ጌታ የምታወሩበት ሰዓት ይኖራችኋል። ደብተሩን ሳይጠይቁ ያቃጠሉ ወላጆች ያ ሰዓት የላቸውም።

ክብሪት ለያዛችሁ ሽማግሌዎችም ጥያቄ አለን። በር ላይ ያለውን ጠረጴዛ ማን ፈቀደ? የጠርሙሱ ገንዘብ በየትኛው ሒሳብ ገባ? የዕቁብ ብሯን አምጥታ ለልጇ ፈውስ ዘይት የገዛችው እናት ገንዘቧን ማን ይመልስላታል? ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሎ ነበር፤ እኛ የምንጠይቀው የከፈለችውን ብቻ ነው።