አገር ከሰጠን መልሱ ይነገረን

«እንቆቅልህ?» «ምን አውቅልህ?» ሳይባባል ያደገ አማርኛ ተናጋሪ ጥቂት ነው። ጨዋታው የልጆች ቢመስልም ጥብቅ ውል አለው። ጠያቂው መልሱን ሳያውቅ አይጠይቅም፤ ተጠያቂው ካቃተው አገር ይሰጣል። ጎንደርን ወይም ሐረርን የተቀበለው ጠያቂ እንደ ልቡ ከፎከረ በኋላ መልሱን የመናገር ግዴታ አለበት። አገር ተቀብሎ «እኔም አላውቀውም» ያለ ልጅ ጨዋታውን አፍርሷል፤ ዳግመኛ የሚጫወተውም አያገኝም። በቴሌቪዥን የሚታየው የምስጢር ተከታታይ ድራማ ይህንኑ ውል ከተመልካቹ ጋር ይዋዋላል፤ ብዙ ጊዜም ያፈርሰዋል። አስፈሪው ፊልም በበኩሉ በተቃራኒው ያጠፋል፤ ማንም ያልጠየቀውን ምስጢር እየዘረዘረ ፍርሃቱን ያረክሰዋል። መናገር የሚገባው ይደብቃል፣ መደበቅ የሚገባው ይለፈልፋል።

ከአስፈሪው ልጀምር (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ስቲቨን ስፒልበርግ በ1975 ለእይታ የበቃውን «ጆስ» ሲቀርጽ፣ የተሠራለት ሰው ሠራሽ ሻርክ የባሕሩን ጨው ውኃ አልቻለም፤ ደጋግሞ ተበላሸ። ዳይሬክተሩም ዓሣውን ማሳየት ቢያቅተው ውኃውን አሳየ፤ በአዳኞቹ ገመድ ከሻርኩ ጋር የተያያዙት ቢጫ በርሜሎች ብቻቸውን ባሕሩን ሲሰነጥቁ፣ የጆን ዊሊያምስ ሙዚቃ በሁለት ድምፅ እየተመላለሰ ሲቃረብ። ሻርኩ ጎልቶ የሚወጣው ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ ከሄደ በኋላ ነው። እስከዚያ እያንዳንዱ ተመልካች የየራሱን ሻርክ በሐሳቡ አሳድጓል፤ ያንን የሚያህል ደግሞ የትኛውም መሣሪያ አይሠራም። በ1979 ሪድሊ ስኮት በ«ኤሊየን» ይህንኑ አውቆ አደረገው። ቁመተ ረጅሙ ናይጄሪያዊ ቦላጂ ባዴጆ የጭራቁን ልብስ ለብሶ የሚታየው፣ ሁለት ሰዓት ከሚጠጋው ፊልም ውስጥ ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በዚያው ፊልም መንገደኞቹ በአንድ የፈረሰ መርከብ ውስጥ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ የደረቀ ግዙፍ ፍጡር ያገኛሉ። ማን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር የለም፤ ያ ዝምታ የሕዋውን ስፋት ያስታውቃል። ስኮት ራሱ በ2012 «ፕሮሚቲየስ»ን ሠርቶ የፍጡሩን ማንነት ሲያብራራ፣ ያ ሁሉ ግርማ ወደ ተራ የዘር ሐረግ ወረደ።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን የ«ሃሎዊን» ዕጣ ነው። በ1978 ጆን ካርፔንተር የፈጠረው ማይክል ማየርስ ነጭ ጭምብል አጥልቆ ሎሪ የምትባለውን ወጣት ያሳድዳል፤ ለምን እንደሆነ አይነገረንም። ካርፔንተር ከዴብራ ሂል ጋር በጻፈው የ1981ዱ ሁለተኛ ክፍል ሎሪ እህቱ መሆኗ ተገለጠ። ኋላ ላይ ካርፔንተር ራሱ በዚህ መጸጸቱን ተናግሯል፤ በ2018 የወጣው ፊልምም ዝምድናውን ሰርዞታል። ጸጸቱ ተገቢ ነው። ያለ ምክንያት የሚገድል ሰው በማንም ደጃፍ ሊቆም ይችላል። እህቱን ፍለጋ የሚዞር ሰው ግን የአንድ ቤተሰብ ጣጣ ነው፤ ተመልካቹ በሩን ዘግቶ ተኝቶ ያድራል።

«ሁሉንም አሳይቶ የሚያስፈራ ፊልም የለም ወይ?» የሚል ይኖራል። አለ፤ የካርፔንተር «ዘ ቲንግ» (1982) ሥጋ ሲቀደድና ሲቀያየር በብርሃን ያሳያል። ነገር ግን በበረዶው ምድር ተከበው ከቀሩት ሰዎች መካከል ፍጡሩ በማን ገላ ውስጥ እንዳለ ይደብቃል፤ ፊልሙ ሲያልቅም ፊት ለፊት ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሰው መሆን አለመሆኑን አይነግረንም። የሚያስጨንቀው ከቀዩ ሥጋ ይልቅ ይህ ጥርጣሬ ነው።

ወደ ተከታታይ ድራማው ስንመጣ ሕጉ ይገለበጣል። አስፈሪ ፊልም ጥያቄ አያቀርብልንም፤ ጨለማ ውስጥ ያስገባናል እንጂ። የምስጢር ድራማ ግን በመጀመሪያው ክፍል «ማን ገደላት?» ብሎ ይጠይቃል፤ በዚያ ጥያቄ ጉልበትም ሌሊታችንን ይወስዳል። የዴንማርኩ «ፎርብሪዴልሰን» በ2007 የአንዲት ወጣት ገዳይ ማን እንደሆነ ጠይቆ በሃያ ክፍሎች መለሰ። አሜሪካኖቹ በ2011 «ዘ ኪሊንግ» ብለው እንደገና ሲሠሩት፣ ማስታወቂያቸው ሁሉ «ሮዚ ላርሰንን ማን ገደላት?» የሚል ነበር። አሥራ ሦስት ክፍል ቆጥሮ የመጀመሪያው ምዕራፍ ሲዘጋ ገዳዩ አልታወቀም፤ መልሱ የተገኘው በቀጣዩ ዓመት በሃያ ስድስተኛው ክፍል ነው። ተመልካቹ ተቆጣ፤ ልክም ነበር። «ሎስት» ደግሞ ከ2004 እስከ 2010 ድረስ ስድስት ምዕራፍ ሙሉ አገር ከተቀበለ በኋላ፣ ከጠየቃቸው ብዙዎቹን በወጉ ሳይመልስ ተሰናበተ።

የዚህ አስተያየት ብርቱ ተቃዋሚ «ትዊን ፒክስ» ነው። ዴቪድ ሊንች እና ማርክ ፍሮስት በ1990 የላውራ ፓልመርን ሬሳ በወንዙ ዳር አሳይተው አገሩን ሁሉ አነጋገሩ። ሊንች መልሱን መስጠት አልፈለገም፤ ጣቢያው ግን ተጫነ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ገዳዩ ታወቀ፤ ተመልካቹ ሸሸ፤ በ1991 ድራማው ቆመ። «መልሱ ገደለው» ይባላል። እኔ አልስማማም። «ኮሎምቦ» ገዳዩን ገና ከመነሻው እያሳየ ለአሥርተ ዓመታት ተወዷል፤ ሰው የሚመለከተው ፒተር ፎልክ የሚጫወተው መርማሪ ገዳዩን እንዴት እንደሚያጠምደው ነበርና። የጀርመኑ «ዳርክ»ም ገና ሲታሰብ በሦስት ምዕራፍ እንዲያልቅ ተወስኖ፣ በሃያ ስድስት ክፍል ቋጠሮውን ፈትቶ ጨርሷል። «ትዊን ፒክስ»ን የጎዳው ከመልሱ ማግስት ለሚመጣው ነገር ያልተዘጋጀ መሆኑ ነው።

«ሕይወትስ መቼ ትመልሳለች?» ለሚሉኝ ደግሞ የቦንግ ጁን ሆ «ሜሞሪስ ኦቭ መርደር» (2003) አለልኝ። በእውነተኛ የደቡብ ኮሪያ ግድያዎች ላይ የተመሠረተው ይህ ፊልም ገዳዩን ሳያገኝ ያልቃል፤ በዚያን ጊዜ በእውኑ ዓለምም አልተገኘም ነበርና፤ ማንነቱ የታወቀው በ2019 ነው። ቦንግ መልሱን እንደያዘ አላስመሰለም። ያሳየን የመርማሪዎቹን አለማወቅና አለማወቁ የሠራቸውን ግፍ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ አገር ስጡኝ አይልም፤ ስለዚህም ዕዳ የለበትም።

በእኛም ቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ እየበዛ ነው፤ የጠፋ ልጅ፣ የተደበቀ ኑዛዜ፣ ያልታወቀ ገዳይ ተመልካቹን በየሳምንቱ ይዞታል። ለእናንተ ለደራስያኑ አንድ ልመና አለኝ፦ የመጨረሻውን ክፍል ጽፋችሁ ሳትጨርሱ የመጀመሪያውን አትልቀቁብን።