ስለ አሮጌው የብርሃን መለኪያ

በብዙ ቤት ሣጥን ውስጥ አባት ወይም አያት ከፎቶግራፍ መሣሪያው ጋራ ያኖሩት የብርሃን መለኪያ ይገኛል። መርፌው አልነቃነቅ ያለ እንደሆነ ለልጆች መጫወቻ ይሰጣል፤ ይህም ያሳዝናል። ከዚህ የሚከፋው ግን መርፌው ሲነቃነቅ ያየ ሰው ሳይመረምር አምኖት ወደ ሠርግ ወይም ወደ ክርስትና ይዞት መውጣቱ ነው። የሞተ መለኪያ ዝም ይላል፤ የታመመው ግን እንደ ሐሰተኛ ምስክር በድፍረት ይናገራል፤ የዚያን ቀን ሥዕል ደግሞ መልሶ ማንሣት አይቻልም።

አስቀድሞ ዓይነቱን መለየት ይገባል። ባትሪ የማይገባበት፥ ይኸውም ዌስተን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1932 ጀምሮ የሠራውን የመሰለ እንደሆነ፥ በውስጡ ያለው ሴሌኒየም ብርሃን ሲነካው ራሱ ኤሌክትሪክ ያወጣል። እንደ ጎሰን ሉናሲክስ ያለው ግን የተሠራው 1.35 ቮልት ለሚሰጥ የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ይህም ባትሪ ስለ መርዝነቱ በአሜሪካ በ1996 በሕግ ተከልክሏል። በምትኩ 1.5 ቮልት ያገቡበት እንደሆነ መርፌው ብርሃኑን አብልጦ ያሳያል፥ ሥዕሉም ጨልሞ ይወጣል። ለጆሮ መስሚያ መሣሪያ የሚሸጠው የዚንክ ባትሪ ይሻላል፤ ማሸጊያው ከተላጠ በኋላ ግን ዕድሜው አጭር ነው። የባትሪው ማደሪያ ዝጎ እንደሆነ ኮምጣጤ በጥቂቱ በነካው ጥጥ ጠርጎ ማድረቅ ነው።

ቀጥሎ ዓይኑን በጥቁር ጨርቅ መሸፈን ነው። መርፌው በዜሮ ካላረፈ፥ ብዙ ጊዜ በጀርባው ያለችውን ትንሽ ብሎን በቀስታ አዙሮ ማቅናት ይቻላል። በደረቅ ጨርቅ ከተወለወለ በኋላ መርፌው ተጣብቆ የቀረ እንደሆነ ግን ብሎን አይነካ፤ የፕላስቲኩ መስኮት ኤሌክትሪክ ይዞ ነውና እፍ ቢሉበት ይለቃል።

ከዚህ በኋላ ምርመራው በፀሐይ ነው። ሰማዩ በጠራ ቀን ወደ ቀትር ግድም፥ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ወደ አረንጓዴ ሣር ሲያቀኑት፥ የፊልሙ ቁጥር 100 ከሆነ በሌንስ መክፈቻ 16 የሰከንድ መቶኛ ወይም ለዚያ የቀረበ ሊመልስ ይገባል። በጥላ ደግሞ ከታመነ ሌላ መለኪያ ጋራ ማስተያየት ነው። በሁለቱም ስፍራ ብርሃኑን በግማሽ አሳንሶ የሚናገር ቢሆን፥ የ100ውን ፊልም 200 ብሎ ማስተካከል ይበቃል። በፀሐይ እውነት ተናግሮ በጥላ የሚሳሳት ከሆነ ግን ይህ ማረሚያ አይረዳም፤ ብዙ ጊዜም ሴሌኒየሙ ደክሟል ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ቢውል ይድናል የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ሴሌኒየም እንደ በርበሬ ተሰጥቶ የሚበጅ አይደለም፥ መድኃኒቱ በሌላ መለወጥ ነው። እስከዚያው ሠርግ ያለበት ሰው ከወዳጁ ሌላ መለኪያ ይዋስ።