የወንዝ ስም ምስክርነት

ስለ አንድ አገር የጥንት ነዋሪዎች ለመመርመር ብትሹ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ከከተሞቹ ስም አስቀድማችሁ የወንዞቹን ስም ጠይቁ እላችኋለሁ። ምክንያቴንም በአንድ ሩቅ አገር ወንዝ ታሪክ ላስረዳ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በባልቲክ ባሕር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ፕሩሳውያን የተባለ ሕዝብ ይኖር ነበር። ቋንቋው ዛሬም ከሚነገሩት ከሊትዌንኛና ከላትቪያኛ ጋር ይዛመዳል። በ13ኛው መቶ ዓመት የጀርመን መስቀል ጦረኞች አገሩን ያዙ፤ በ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማም ቋንቋው ጨርሶ ጠፋ። ይሁን እንጂ ከፖላንድ ተነሥቶ ወደ ሩሲያ ግዛት የሚፈሰው ወንዝ በፖላንድ ቬንጎራፓ፣ በሩሲያ አንግራፓ እየተባለ እስካሁን ይጠራል። በ1400 ገደማ የተገለበጠ፣ 802 ቃላት የያዘ የጀርመንኛና የፕሩስኛ የቃላት መዝገብ አለ። በእርሱም ውስጥ “አንጉርጊስ” እንደ እባብ የረዘመ የዓሣ ዓይነት፣ “አፔ” ደግሞ ትንሽ ወንዝ መሆኑ ተመልክቷል። ሊትዌናውያን ዛሬም ወንዝን “ኡፔ” ይላሉ። ስለዚህ “የአንግራፓ ወንዝ” የሚል ሰው ሳያውቀው ወንዝን ሁለት ጊዜ መጥራቱ ነው።

በዚሁ ወንዝ ዳር ያለችውን ከተማ ደግሞ ተመልከቱ። እስከ 1938 ዳርኬመን ትባል ነበር። በዚያ ዓመት የናዚ መንግሥት በአካባቢው ጀርመንኛ ያልመሰሉትን ስሞች ሲያስለውጥ፣ ይህችን ከተማ በወንዙ የጀርመንኛ አጠራር “አንገራፕ” አላት። ከባዕድ ስም እንሸሻለን ብለው የፕሩሳውያንን ዓሣና ወንዝ መልሰው መሸከማቸው ያስቃል። በ1946 ደግሞ የሶቪየት መንግሥት ኦዝዮርስክ ብሎ ሰየማት። በ8 ዓመት ውስጥ ከተማይቱ ሁለት ጊዜ ስሟን ስትለውጥ ወንዙ የቀድሞውን እንደያዘ ቀረ።

የከተማ ስም ብዙ ጊዜ የገዢ ፈቃድ ነው፤ የወንዝን ስም ግን መጤው ከነባሩ ጠይቆ ይቀበላል። ስለዚህ የወንዝን ስም በትእዛዝ የሚለውጥ ሹም መዝገብ ከሚያቃጥል ሰው ተለይቶ መታየት የለበትም ባይ ነኝ።

“የድምፅ መመሳሰል ያሳስታል” የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። እውነት ነው፤ በአንድ ስም ብቻ መፍረድ አይገባም። ቶፖሮቭና ትሩባቾቭ የተባሉ የሥነ ልሳን ሊቃውንት ግን በ1962 ባሳተሙት ጥናት፣ በላይኛው የድኒፐር ተፋሰስ በመቶ የሚቆጠሩ የወንዝ ስሞችን አስተያይተው የባልቲክ ቋንቋዎች ምንጭ አገኙላቸው። በዚያ አገር ዛሬ የሚሰሙት ቤላሩስኛ፣ ሩሲያኛና ዩክሬንኛ ናቸው።