«ማርሽ ላይ ናት እኮ!»

ባለፈው ወር ከሐዋሳ ወደ ሻሸመኔ ስንጓዝ አሮጌዋ ኮሮላችን ከወለሏ ሥር መንቀጥቀጥ ጀመረች። ከተማ ውስጥ ባጃጅ እያሳለፍን ስንሄድ ደህና ናት፤ 70 ላይ ስትደርስ ግን መቀመጫው ሳይቀር ይነዝራል። ማርሽ ሲገባ ደግሞ «ቋ» የሚል ድምፅ አለ። ባለቤቴ «ጎማ ነው» አለ። የጎማው ባላንስ ተስተካከለ፤ ለውጥ የለም።

እሁድ ጠዋት የሰፈራችን መካኒክ ግቢያችን መጣ። ከሥር ገብቶ ረጅሙን ዘንግ በእጁ ወዘወዘና «ክሮቸራው አልቋል፤ ዘንጉ መውረድ አለበት» አለን።

ፕሮፔለር ሻፍት የሚባለው ይህ ዘንግ በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ላይ ከካምቢዮ እስከ ዲፈረንሻል የተዘረጋ የብረት ቱቦ ነው። እንደኛዋ ያለችው እስከ 1983 እ.ኤ.አ. ድረስ የተሠራችው ባለ ማዕዘን ኮሮላ፣ የድሮዋ ላዳ፣ ሃይሉክስና ሃይስ ሚኒባስ ሁሉ አላቸው። ቪትዝ የያዛችሁ አትጨነቁ፤ የእናንተዋ የምትነዳው በፊት ጎማ ነው። ክሮቸራ ማለት ደግሞ በዘንጉ ጫፍ ያለ የመስቀል ቅርጽ መገጣጠሚያ ነው፤ የኋላው ጎማ ጉድጓድ ገብቶ ሲወጣ ዘንጉ እንደልቡ እንዲታጠፍ ያደርጋል። 80 ላይ ስትነዱ ዘንጉ በደቂቃ ወደ 3,000 ጊዜ ገደማ ይሽከረከራል። ክሮቸራው በዚያ ፍጥነት ቢበጠስ ምን እንደሚሆን መካኒኩ ሲነግረን ያንን የሻሸመኔ መንገድ አስቤ ቀዘቀዝኩ።

መኪናዋን የኋላ ጎማዎቿን በሁለት ወፍራም ጣውላዎች ላይ አውጥተን አቆምናት። ግቢያችን ለዝናብ ውኃ እንዲመች ወደ በሩ ትንሽ ያዘቀዝቃል።

«ታኮ አለ?» አለ መካኒኩ።

«ማርሽ ላይ ናት እኮ» አለ ባለቤቴ።

«ጋሼ፣ ዘንጉ ሲወርድ እኮ ማርሹም አብሮ ወረደ ማለት ነው።»

እውነትም! ማርሽ ላይ የቆመች መኪና የማትንሸራተተው ሞተሩ የኋላውን ጎማ በዚሁ ዘንግ በኩል ስለሚይዘው ነው። ዘንጉ ከተፈታ ሞተሩና ጎማው ተለያዩ። አውቶማቲክም ብትሆን «ፒ» ላይ ማስገባቱ ያው ነው። የሚቀረው የእጅ ፍሬን ነው፤ የኛው የእጅ ፍሬን ሽቦ ደግሞ ከክረምት ጀምሮ እንደተበጠሰ ነበር። (ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ስንቶቻችሁ ናችሁ በማርሽ ብቻ የምታቆሙት?)

ከውኃ በርሜሉ ሥር ሁለት ድንጋዮች አምጥተን የፊት ጎማዎቹን ከፊት ለፊት ደገፍናቸው። መካኒኩ ብሎኖቹን ከመንካቱ በፊት የዘንጉንና የዲፈረንሻሉን መጋጠሚያ በነጭ ቀለም አሰመረበት። ዘንጉ ከፋብሪካ ሚዛኑ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው፤ ሲመለስ በነበረበት አቅጣጫ መግጠም አለበት። ከዚያ አራቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ።

አራተኛው ሲወጣ መኪናዋ «ጢው» ብላ ወደፊት ተገፋችና ድንጋዮቹ ላይ ተደገፈች። መካኒኩ ከሥሯ ነው። የስምንት ዓመቱ ልጃችን መፍቻ ለማቀበል ከፊቷ ተቀምጧል። ለጥቂት ጊዜ ማናችንም ቃል አልወጣንም። ከዚያ ልጁን ብብቱን ይዤ ወደ በረንዳው ወሰድኩት።

የቀረው ሥራ ብዙም አላስቸገረም። ዘንጉ ወደኋላ ሲሳብ ከካምቢዮው ጫፍ ዘይት ይፈሳል፤ መካኒኩ ቀዳዳውን በፌስታል አሰረው፣ በኋላም የጎደለውን ሞላ። አሮጌው ክሮቸራ ሲከፈት ውስጡ ያሉት እንደ መርፌ የቀጠኑ ብረቶች ግራሶ አልቆባቸው ዝገው ነበር። አዲሱ ገባ፣ ነጩ ምልክት ከምልክቱ ገጠመ፣ ብሎኖቹ ጠበቁ።

ከሰዓት በኋላ በሻሸመኔ መንገድ ሞከርናት። 80 ላይ ስትደርስ መቀመጫው ዝም አለ። የእጅ ፍሬኑ ሽቦ ማክሰኞ ተቀየረ፤ ሁለቱ ድንጋዮች ግን እስከ ዛሬ ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ናቸው፤ ባለቤቴ አላወጣቸውም፤ እኔም አውጣ አላልኩትም።