ሸሚዙን ለዓለም ሰፋን፤ ዱንጉዛውን ከዓለም ገዛን



ገዢው ፓርቲ ግሎባላይዜሽንን ማንም ያላዘዘው፣ ከሰማይ የወረደ ዝናብ አድርጎ ያወራዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። የዓለም ገበያ ጉኑኖ የሚደርሰው መንግሥት በሚያወጣው ሕግ፣ በሚጥለው ቀረጥና በሚፈርመው ውል በኩል ነው።

ዱንጉዛችንን እንመልከት። ቀዩ፣ ጥቁሩና ቢጫው ክር በሸማኔው እጅና እግር፣ በመወርወሪያው ምልልስ የሚገናኝበት ልብስ ነው። ዛሬ ይኸው ጥለት በፋብሪካ ጨርቅ ላይ ታትሞ በገበያ ይሸጣል። ሸማኔው ቀናት የሚፈጅበትን ማሽን በደቂቃ ይጨርሰዋል። ለጊፋታ ልጆቹን ለማልበስ ርካሹን የሚገዛ አባወራ አይወቀስም፤ ኪሱ የፈቀደለትን አደረገ። የሚወቀሰው ሕትመቱ በሽመና ስም ሲቸበቸብ ዝም ብሎ ያየው ነው።

ይህን ስናነሳ «ሸማኔው ይቅርበት፤ ልጁ ፋብሪካ ትገባለች» እንባላለን። ገብታለችኮ! የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከሲዳማም፣ ከወላይታም፣ ከጋሞም ወጣት ሴቶች ወደዚያ ተመሙ። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የንግድ ትምህርት ቤት በግንቦት 2011 ዓ.ም. ባወጣው ጥናት የጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ነበር። የባንግላዴሽ ያኔ 95 ነበር። ለቤት ኪራይና ለምግብ እንኳ የማይበቃውን ይህን ደመወዝ መንግሥት እንደ ነውር አልቆጠረውም፤ ይልቁንም ባለሀብት መጥሪያ ማስታወቂያ አደረገው። የልጆቻችንን ጉልበት በዓለም ገበያ ላይ ያረከሰው ባዕድ ብቻ አይደለም።

ከዚያስ? የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱን ምክንያት አድርጎ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሰረዘች። አዲስ አበባና ዋሽንግተን በተጣሉ፣ ማሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ዋጋ ከፈለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ቢደነግግም፣ ኩባንያው ሲወጣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል አልነበራትም።

ድርጅታችን በሩን እንዝጋ አይልም። ስልኩም፣ ባጃጁም፣ የሲሚንቶ ፋብሪካው መለዋወጫም ከውጭ ነው የሚመጣው። የምንታገለው በሩ ላይ ማን እንደቆመና ለማን እንደቆመ ነው። ስለዚህ ብትመርጡን የደመወዝ ቦርዱ ሠራተኛ በእኩል ድምፅ የሚቀመጥበት ሆኖ የደመወዝ ወለሉን እንዲወስን፣ የታተመ ጨርቅ «ሕትመት» የሚል ምልክት ሳይለጠፍበት እንዳይሸጥ፣ የሸማኔ ማኅበራትም ክር ያለ ደላላ ከፋብሪካ እንዲገዙ እናደርጋለን።

«ደመወዝ ከጨመራችሁ ባለሀብት ይሸሻል» ይሉናል። በ26 ዶላርም ሸሽቷል። ዕጩዎቻችን ለቅስቀሳ ጉኑኖ ሲመጡ ይህን ወረቀት ይዛችሁ ቅረቡና ስለ ቦርዱ ጠይቋቸው፤ የሌላውንም ፓርቲ ዕጩ እንዲሁ።